በዐይን የማይታየው መርዝ እንዴት ይመዘናል?

ለመምህራንና ለከተማ ነዋሪዎች የቀረበ የንጽሕና ትምህርት

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን ምክር ለእሳት እንደሚሠራ ሁሉ ለጤናም ይሠራል። በንጽሕና ትምህርት ብዙ ጊዜ የምንናገረው ስለ ዝንብ፥ ስለ ሽንት ቤት፥ ስለ እጅ መታጠብና ውሃን አፍልቶ ስለ መጠጣት ነው። ይህ ሁሉ የሚጠብቀን በዐይን ከማይታዩ ሕያዋን ተሐዋስያን ነው። ነገር ግን ቢፈላ የማይሞት፥ ቢሸተት የማይታወቅ፥ ቢቀመስም ብዙ ጊዜ ጣዕም የሌለው ሌላ ጠላት አለ። እርሱም ከፋብሪካ፥ ከእርሻ መድኃኒት፥ ከቀለም፥ አንዳንድ ጊዜም ከመሬቱ ከራሱ ወጥቶ ከውሃችን፥ ከአፈራችንና ከእህላችን ጋር የሚቀላቀለው ኬሚካል ነው።

ከደሴ ወርዶ በኮምቦልቻ አልፎ ወደ ደጋንና ወደ ባቲ በሚዘልቀው አገራችን ፋብሪካውም፥ መስኖውም፥ የተባይ ማጥፊያውም አለ። ስለዚህ የተማሪ ወላጅ መምህሩን አግኝቶ «ይህ ነገር ይጎዳል ወይስ አይጎዳም?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የሚገባ ነው። መልሱ ግን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ሊቃውንት ይህን ጥያቄ የሚመልሱበት ሚዛን ባለፉት መቶ ዓመታት ውስጥ ብዙ ጊዜ ተለውጧል። የተለወጠበትን ምክንያት ያወቀ ሰው በከንቱ አይሸበርም፤ በከንቱም አይዘናጋም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

፩ኛ. የጥንቱ ሚዛን

ጥንት መርዝ የሚታወቀው ሰው ከተጎዳ በኋላ ነበር። የወሎ ገበሬ ጓያ አብዝቶ የበላ ሰው እግሩ እንደሚሰናከል የሚያውቀው ላቦራቶሪ ስለ ነበረው ሳይሆን፥ ጎረቤቱ በምርኩዝ ሲሄድ ስላየ ነው። ጓያ ድርቅን የሚችል እህል በመሆኑ ሌላው ሰብል ሲጠፋ የድኻው መጠጊያ እርሱ ይሆናል። በ1990ዎቹ ዓመታት በደላንታና በዳውንት ብዙ ሰዎች፥ ይልቁንም ወጣቶች፥ በዚሁ ምክንያት እግራቸው ተገትሮ ቀርቷል። ጉዳቱም የማይመለስ ነው።

በኋላ የተደረገው ምርመራ ሦስት ነገር አስረዳ። መጀመሪያ፥ በጓያው ውስጥ ነርቭን የሚጎዳ ንጥረ ነገር አለ። ሁለተኛ፥ ጉዳቱ የሚመጣው ጓያ ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ነው። ሦስተኛ፥ ጓያውን ከሌላ እህል ጋር ቀላቅለው የበሉት ሰዎች የደረሰባቸው አደጋ ያነሰ ነው። እንግዲህ አንድን ነገር «መርዝ ነው» ብሎ መናገር ብቻ አይበቃም። ምን ያህል? ለስንት ጊዜ? ከምን ጋር? የበላውስ ማን ነው? ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ሐኪም ፓራሴልሰስም መርዝን መርዝ የሚያደርገው መጠኑ መሆኑን አስተምሮ ነበር።

፪ኛ. በሞት የሚለካው ሚዛን

ኬሚካል በፋብሪካ በብዛት መሠራት በጀመረ ጊዜ ሰው እስኪጎዳ መጠበቅ የማይቻል ሆነ። በ1927 ትሬቫን የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ አንድ መንገድ አወጣ። ይኸውም መርዙን ለብዙ እንስሳት በልዩ ልዩ መጠን መስጠትና ግማሾቹን የሚገድለውን መጠን መፈለግ ነው። መጠኑም በእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት በሚሊግራም ይጻፋል። ቁጥሩ ሲያንስ መርዙ የበረታ ነው ማለት ነው።

ይህ ሚዛን ጠቃሚ ነው፤ ዛሬም በጸረ ተባይ ዕቃ ላይ የሚለጠፈው የአደጋ ምልክት ከዚሁ የመጣ ነው። ነገር ግን የሚለካው በአንድ ጊዜ የሚደርሰውን ሞት ብቻ ነው። በዚህ ሚዛን ቢታይ ፓራታይን የተባለው ጸረ ተባይ በጥቂት ሚሊግራም የሚገድል ክፉ መርዝ ሲሆን፥ ዲዲቲ ግን ከመቶ ሚሊግራም በላይ የሚጠይቅ በመሆኑ እንደ ለዘብተኛ ተቈጠረ። ይህ ግምት ምን እንዳስከተለ ቀጥለን እንመለከታለን።

፫ኛ. ዲዲቲ ያስተማረን ትምህርት

ዲዲቲ ተባይ የሚገድል መሆኑ የታወቀው በ1939 በስዊሱ ሊቅ በፓውል ሙለር ምርመራ ነው። ሙለርም ስለዚህ ሥራው በ1948 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። አገራችን ይህን መድኃኒት የፈለገችበት ምክንያት ቀላል አልነበረም። በ1958 በኢትዮጵያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል ሰው እንደ ገደለ ተገምቷል። በ1959 የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። ከዚያ በፊትም በወሎ በቆቦ ጨርጨር የሙከራ ሥራ ተጀምሮ ነበር። የረጪው ቡድን ፓምፑን በትከሻው አንግቦ ከቤት ወደ ቤት እየገባ ግድግዳውን በዲዲቲ ይረጭ ነበር። በዚህም ብዙ ሕይወት ድኗል፤ ይህን መካድ አይገባም።

ነገር ግን በአንድ ጊዜ የማይገድል ነገር ሁሉ የማይጎዳ አይደለም። ዲዲቲ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይፈርስ ይቆያል። በውሃ አይሟሟም፤ በስብ ግን ይሟሟል። ስለዚህ ከውሃ ወደ ትንንሽ ፍጥረታት፥ ከእነርሱ ወደ ዓሣ፥ ከዓሣ ወደ አሞራ፥ ከሣር ወደ ላም፥ ከላም ወደ ወተት ሲሻገር በየደረጃው እየተከማቸ ይሄዳል። ሬቸል ካርሰን የተባለችው አሜሪካዊት ጸሐፊ በ1962 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን ነገር ለዓለም አስታወቀች። በአገራችንም በተደረጉ ምርመራዎች በሐይቅ ዓሣና በእናት ጡት ወተት ውስጥ ዲዲቲ ተገኝቷል። በ2015 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ዲዲቲን «ምናልባት በሰው ላይ ካንሰር ያመጣል» ከሚባሉት ነገሮች መካከል መደበው።

እዚህ ላይ እናቶች እንዳይደነግጡ አንድ ነገር በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። የዓለም የጤና ድርጅት ምክር እናት ልጅዋን ማጥባትዋን እንድትቀጥል ነው፤ የጡት ወተት ጥቅም በውስጡ ከሚገኘው ጥቂት ኬሚካል ጉዳት እጅግ ይበልጣልና። ማቋረጥ የሚገባው ማጥባቱ ሳይሆን ዲዲቲን በእህልና በአትክልት ላይ መርጨቱ ነው።

ኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን ከማይፈርሱ መርዘኛ ኬሚካሎች ሕዝብን ለመጠበቅ በ2001 የተፈረመውን የስቶክሆልም ስምምነት በ2003 አጽድቃለች። በስምምነቱ መሠረት ዲዲቲ የሚፈቀደው በሽታ አስተላላፊ ተባይን ለመከላከል ብቻ ነው። ለወባውም ቢሆን ትንኙ መድኃኒቱን ስለ ለመደው በአገራችን በ2009 ገደማ በሌላ መድኃኒት ተተክቷል። በየመጋዘኑ ለዓመታት ተከማችቶ የተበላሸው ልዩ ልዩ ጸረ ተባይም ከሺህ ቶን በላይ የሚሆነው ተሰብስቦ ወደ ፊንላንድ ተልኮ ተቃጥሏል።

፬ኛ. «የማያሰጋ መጠን» እንዴት ተገኘ?

ሰው በአንድ ጊዜ የማይሞትበትን፥ ነገር ግን ዕድሜ ልኩን ጥቂት በጥቂት የሚወስደውን ነገር ለመመዘን ሌላ መንገድ አስፈለገ። ሊቃውንት ኬሚካሉን ለእንስሳት ለረጅም ጊዜ እየመገቡ ምንም ጉዳት ያልታየበትን ከፍተኛ መጠን ፈለጉ። ከዚያም ይህን መጠን ለመቶ አካፈሉት። ይህ ልማድ በ1954 በሁለት አሜሪካውያን፥ በሌህማንና በፊትዝሂው፥ ተገልጿል። የመቶው ትርጓሜ አሥር ጊዜ አሥር ነው። አንዱ አሥር ሰው ከእንስሳ ይልቅ በቶሎ የሚጎዳ ቢሆን፥ ሁለተኛው አሥር ደግሞ ደካማው ሰው ከብርቱው ይልቅ በቶሎ የሚጎዳ ቢሆን ብለው ለጥንቃቄ ያኖሩት ነው። በዚህ ዓይነት የተገኘው ቁጥር አንድ ሰው በየቀኑ ዕድሜ ልኩን ቢወስደው ያሰጋዋል ተብሎ የማይገመት መጠን ይባላል።

ለምሳሌ በ2000 ለዲዲቲ የተወሰነው መጠን በቀን በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 0.01 ሚሊግራም ነው። መምህራን ይህን በሒሳብ ክፍል ሊያሠሩት ይችላሉ። 60 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ ወሰኑ በቀን 0.6 ሚሊግራም ነው። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ግን ወሰኑ 0.1 ሚሊግራም ብቻ ነው። አሁን በአንድ ኪሎ እህል ውስጥ 0.5 ሚሊግራም ዲዲቲ አለ እንበል፤ ይህ ቁጥር ለምሳሌ ያህል የተሰጠ ነው። አባት በቀን ግማሽ ኪሎ ቢበላ 0.25 ሚሊግራም ይወስዳል፤ ከወሰኑ ግማሽ አይሞላም። ሕፃኑ ግን 200 ግራም ቢበላ 0.1 ሚሊግራም ይወስዳል፤ ወሰኑን ሞላ። ከአንድ ጎተራ በልተው አንዱ በወሰን ውስጥ ሲቀር ሌላው ከወሰኑ ጫፍ ይደርሳል።

፭ኛ. አራቱ ደረጃዎችና የቦርከና ወንዝ

በ1983 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት የአደጋ ምዘናን ሥራ በአራት ደረጃ ከፍሎ አሳተመ። ይህ አከፋፈል እስከ ዛሬ በዓለም ሁሉ ይሠራበታል። በአገራችን ምሳሌ እንየው።

ቦርከና ከደሴ አካባቢ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አልፎ ወደ ጨፋ ሜዳ የሚወርድና በመጨረሻው ወደ አዋሽ የሚገባ ወንዝ ነው። በኮምቦልቻ የለይሌና የወርቃ ወንዞች የፋብሪካ ፍሳሽ ተቀብለው ወደ እርሱ ያመጣሉ። በ2013 እና በ2014 ከአምስት ፋብሪካዎች ፍሳሽና ከወንዞቹ ናሙና ተወስዶ ተመርምሮ ነበር። በ2018 በታተመው ውጤት ከቆዳ ማልፊያ በሚወጣው ፍሳሽ በሊትር 26 ሚሊግራም ያህል ክሮም፥ ከብረት ሥራ በሚወጣው ደግሞ በሊትር ከ150 ሚሊግራም በላይ ዚንክ ተገኝቷል። ሁለቱም ለፍሳሽ ከተፈቀደው ወሰን እጅግ የበለጡ ናቸው።

የመጀመሪያው ደረጃ «ያለው ነገር ምንድን ነው? ጠባዩስ ምንድን ነው?» ይላል። ዚንክ ሰውነት በጥቂቱ የሚፈልገው ነገር ነው፤ ሲበዛ ግን ዓሣንና ተክልን ይጎዳል። ክሮምም ሁለት ዓይነት ነው። ቆዳ የሚለፋበት ዓይነት ጉዳቱ ያነሰ ሲሆን፥ ሌላው ዓይነት ግን ካንሰር ያመጣል። ስለዚህ «ክሮም ተገኘ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ የትኛው? መባል አለበት።

ሁለተኛው ደረጃ «ስንት ሲሆን ይጎዳል?» ይላል። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የወሰነው ክሮም በሊትር 0.05 ሚሊግራም ነው። ይህን ለተማሪዎች ለማስረዳት 200 ሊትር የሚይዙ 100 በርሜሎችን ማሰብ ነው። በእነዚህ ሁሉ ውሃ ውስጥ አንድ ግራም ክሮም ቢሟሟ ከዚሁ ወሰን ይደርሳል።

ሦስተኛው ደረጃ «ከሰው የሚደርሰው ስንት ነው? በየትስ በኩል?» ይላል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ነው። ከፋብሪካ ቱቦ የሚወጣውን ፍሳሽ የሚጠጣ ሰው የለም። ነገር ግን ከወንዙ በታች ጎመንና ሰላጣ የሚያጠጣ ገበሬ አለ፤ ከብቱ ከወንዙ ይጠጣል፤ ልጆች ይታጠቡበታል፤ እናቶች ልብስ ያጥቡበታል። ከደሴ ገበያ ጎመን የሚገዛ ሰውና በወንዙ ዳር የሚኖር ሕፃን የሚደርሳቸው መጠን አንድ አይደለም። በክረምት ወንዙ ሲሞላ መርዙ ይቀጥናል፤ በበጋ ሲጎድል ይወፍራል። ስለዚህ በአንድ ቀን የተቀዳ አንድ ጠርሙስ ውሃ የዓመቱን ታሪክ አይናገርም። በወንዙ ደለል ውስጥ የዘቀጠውም መለካት አለበት።

አራተኛው ደረጃ ሦስቱን አጣምሮ «እንግዲህ አደጋው ለማን፥ ምን ያህል ነው?» ብሎ ፍርድ ይሰጣል። የሦስተኛው ደረጃ ልክ ካልተሟላ ፍርዱ ግምት ይሆናል። ለዚህ ነው ወንዞቻችን በየወቅቱ፥ በየቦታው፥ ሳያቋርጡ መመርመር የሚያስፈልጋቸው።

፮ኛ. ሕፃን ትንሽ ጎልማሳ አይደለም

የእርሳስን ነገር ብንመለከት የሚዛኑ መለወጥ ይበልጥ ይገለጣል። በ1960ዎቹ በአሜሪካ በሕፃን ደም ውስጥ በዴሲሊትር እስከ 60 ማይክሮግራም እርሳስ ቢገኝ እንደ አደጋ አይቈጠርም ነበር። በ1991 ቁጥሩ ወደ 10 ወረደ፤ በ2012 ወደ 5፤ በ2021 ወደ 3.5 ዝቅ አለ። እርሳሱ ያው እርሳስ ነው፤ የተለወጠው የመመልከቻው ዐይን ነው። ቀድሞ ሐኪሞች የሚፈልጉት የሆድ ቁርጠትንና የሚጥል በሽታን ነበር። በኋላ ግን የሕፃናቱን የማስተዋል ኀይልና የትምህርት ችሎታ መለካት ሲጀምሩ፥ የታመመ ከማይመስለው ልጅ ላይ ጉዳት አገኙ። ዛሬ የዓለም የጤና ድርጅት በሕፃን ደም ውስጥ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል።

መምህራን ሆይ፥ ይህ ነገር እናንተን በቀጥታ ይመለከታችኋል። ትምህርት አልገባው ያለ ልጅ ሁሉ ሰነፍ አይደለም። የአሮጌ ቀለም ቅርፊት፥ የተሰበረ የመኪና ባትሪ፥ ባትሪ የሚቀልጥበት ግቢ የእርሳስ ምንጭ ናቸው። በአገራችን በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። ከዚያ በፊት የተቀባው ግድግዳና ወንበር ግን እንዳለ ነው።

የወንጂም ታሪክ እንዲሁ ያስተምረናል። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ በብዛት አለ። ውሃው የጠራ ነው። በወንጂ ስኳር እርሻ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣውን ውሃ ለብዙ ዓመታት የጠጡ ሠራተኞች አከርካሪያቸው ተገትሮ መገኘቱ የታወቀው በ1970ዎቹ ነው። ዛሬ የተወሰነው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው።

፯ኛ. የዛሬው ሚዛን

ባለፉት ሃያ ዓመታት ሦስት አዳዲስ መንገዶች ተስፋፍተዋል። አንደኛው ኬሚካልን በእንስሳ ላይ ብቻ ከመሞከር ይልቅ በብርጭቆ ውስጥ በሚያድጉ የሰው ሕዋሳት ላይ መሞከርና በኮምፒዩተር ማስላት ነው። በ2007 የወጣው የአሜሪካ ብሔራዊ ምርምር ምክር ቤት መግለጫ ይህን መንገድ አመለከተ፤ ምክንያቱም በገበያ ላይ ያሉት ኬሚካሎች አሥር ሺሆች ስለሆኑ ሁሉንም በአሮጌው መንገድ መመርመር አይቻልም። ሁለተኛው ከውሃና ከአፈር ይልቅ በሰው ደም፥ ሽንትና ጡት ወተት ውስጥ ያለውን መለካት ነው። ሦስተኛው ድብልቅን መመዘን ነው። ወሰን የሚወጣው ለእያንዳንዱ ኬሚካል ለብቻው ሲሆን፥ ወንዝ ግን ሁሉን በአንድነት ያመጣል። እያንዳንዱ ከወሰኑ በታች ሆኖ ሳለ ድምሩ ሊጎዳ ይችላል።

፰ኛ. በቤትና በትምህርት ቤት የሚደረግ ጥንቃቄ

ላቦራቶሪ የሌለው ሰው ኬሚካልን መለካት አይችልም፤ ከሰውነቱ የሚደርሰውን መጠን መቀነስ ግን ይችላል።

1. ውሃን ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል፤ ክሮምን፥ ፍሎራይድንና እርሳስን ግን አያጠፋም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲሄድ መርዙ በቀረው ውሃ ውስጥ ይወፍራል። ከፋብሪካ በታች ያለ የወንዝ ውሃ ተፈልቶም ለመጠጥ አይሁን።

2. ጸረ ተባይ የነበረበት ጀሪካን ወይም ጠርሙስ ምንም ያህል ቢታጠብ ውሃ፥ ዘይት ወይም ወተት አይያዝበት። እንዳይሠራበት ተበስቶ ይወገድ።

3. ለምግብ በተቀመጠ እህል ላይ ዲዲቲ ፈጽሞ አይረጭ። የነቀዝ ክኒን የሚባለው ደግሞ የሚገድል ጋዝ ስለሚያወጣ፥ ክኒኑ የተጨመረበት እህል ሰው በሚተኛበት ክፍል አይቀመጥ።

4. አትክልትና ጫት ከተረጨ በኋላ በዕቃው ላይ የተጻፈው የመቆያ ቀን ሳይሞላ አይለቀም። ማንበብ ለማይችለው ገበሬ የሚያነብለት ተማሪ ይሁን።

5. የመርጫ ፓምፕ በወንዝ ወይም በምንጭ አጠገብ አይታጠብ። የረጪው ሰው ልብስ ከሕፃናት ልብስ ጋር አይዘፍዘፍ።

6. አትክልት ከመበላቱ በፊት በንጹሕ የቧንቧ ውሃ በደንብ ይታጠብ። ይህ ከላዩ ያለውን አፈርና መርዝ ይቀንሳል፤ በሥሩ ገብቶ ከውስጡ ያለውን ግን አያወጣም።

7. ሕፃናት በአሮጌ ባትሪና በቀለም ቅርፊት እንዳይጫወቱ ይከልከሉ፤ ከምግብ በፊትም እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

8. የወንዙ ቀለም ሲለወጥ፥ ዓሣ ወይም ከብት ሲሞት፥ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ በአንድ ዓይነት ሕመም ሲታመሙ፥ ቀኑንና ቦታውን ጽፋችሁ ለጤና ጣቢያና ለአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት አስታውቁ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን ማስታወቁ በዚያው ቀን ይሁን።

ይህ የመጨረሻው ምክር እንደ ቀላል አይታይ። የወንዝን የዓመት ታሪክ የሚጽፍ መሣሪያ በየቦታው በማይገኝበት አገር፥ የሚያይና የሚመዘግብ የተማረ ሰው ትልቅ ረዳት ነው። በኮምቦልቻ፥ በሐርቡ ወይም በከሚሴ ያለ አንድ ትምህርት ቤት በየሳምንቱ የወንዙን ቀለም፥ ሽታና ከፍታ በደብተር ቢያስመዘግብ፥ መርማሪው በመጣ ጊዜ ናሙናውን የትና መቼ እንደሚቀዳ ከዚያ ደብተር ሊያውቅ ይችላል። ሊቃውንት በመቶ ዓመት ውስጥ ሚዛናቸውን ደጋግመው ያስተካከሉት ቀድሞ ያልታየውን የሚያይ ሰው በየጊዜው ስለ ተነሣ ነው። በአካባቢያችንም የሚያዩ ዐይኖች እንዲበዙ ማድረግ የመምህሩና የከተማው ነዋሪ ሁሉ ተግባር ነው።